መልስ፦ ፖሊሱ ባለቤቴ ቤት ሲገባ ለምን ዝም ይላል?

እህቴ፣ «ባለቤቴ ፖሊስ ነው፤ ከሥራ ሲመጣ አያወራም፣ ልጆቹ ላይ ይጮኻል፣ ጠልቶን ይሆን?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ጅማ ያደግኩ የፖሊስ ልጅ ነኝ። አባቴ ከሌሊት ተረኛነት ሲመለስ የተቆጣን ይመስለን ነበር። ለካ ዝሎ ነው።

ውጥረት እረፍት ሲገኝ ይቀላል። መዛል ግን፣ ማለትም ከረጅም የሥራ ጫና የሚመጣው ድካም (በእንግሊዝኛ «በርንአውት»)፣ ተኝተሽም አይለቅሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት እንጂ በሽታ አይደለም ብሎ መዝግቦታል፤ ምልክቶቹም የጉልበት ማለቅ፣ ሥራን መሰልቸትና «ምንም አልሠራሁም» የሚል ስሜት ናቸው። አስቢው፣ ሂርማታ ገበያ ግርግር ውስጥ ቆሞ የሰውን እጅ ሲከታተል የዋለ ሰው፣ ሰውነቱ ቀኑን ሙሉ ለአደጋ እንደተዘጋጀ ነው፤ ያ ንቃት ደጃፍ ላይ ተራግፎ አይቀርም። በዚያ ላይ ፈረቃው እንቅልፉን ያዛባዋል።

ስለዚህ እንደገባ በጥያቄ አታጣድፊው። ይታጠብ፣ ቡና ይጠጣ፣ ከዚያ «ዛሬ ምን ከበደህ?» በይው። ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ፣ ያየው አደጋ በሕልሙ ከተመላለሰበት ወይም መጠጥ ካበዛ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና አለ፣ አብረሽው ሂጂ። መሞት እንደሚፈልግ ካወራ ግን አንድ ቀንም ሳታሳድሪ ወደ ሕክምና ውሰጂው፤ መሣሪያው ቤት እንዳያድር ለሚያምነው ባልደረባው ንገሪ።