ካርታ ከመሥራታችሁ በፊት ዓባይ በረሃ ውረዱ

ልጆቼ፣ እንደምን ከረማችሁ?

ዘንድሮ ከጂኦሎጂና ከጂኦፊዚክስ የምትመረቁ ልጆች አንድ ጥያቄ ታበዙብኛላችሁ። «ጋሼ፣ ከሳይዝሚክ ዳታ (ወደ መሬት ተልኮ ተንጸባርቆ ከሚመለስ ሞገድ ከሚገኝ መረጃ) የከርሰ ምድር ካርታ ለመሥራት የትኛውን ሶፍትዌር እንማር?» ሶፍትዌሩን ስትሠሩበት ትለምዱታላችሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ከእሱ በፊት ያለው ዝግጅት ነው።

እኔ የደጀን ልጅ ነኝ። ተመርቄ ሥራ እስክይዝ ድረስ ዓባይ በረሃ ለእኔ ሙቀትና ጠመዝማዛ መንገድ ብቻ ነበር። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ከደጀን ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ከላይ ጥቁሩን ባዛልት ታያላችሁ። ዝቅ ስትሉ ገደል የሠራው የኖራ ድንጋይ ይመጣል። ቀጥሎ ጂፕሰሙ፣ ታች ወንዙ ዘንድ ደግሞ የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ። ይሄ የአሸዋ ድንጋይ ኦጋዴን ውስጥ ጥልቅ ተቀብሮ ይገኛል፤ ካሉብ ላይ ጋዝ ከተገኘባቸው ድንጋዮች አንዱ ነው። እዚያ የሚታየው በሳይዝሚክ ነው፣ እኛ ጋ በዓይን።

ሳይዝሚክ ግን ሜትር አያሳያችሁም፣ ጊዜ ነው የሚያሳያችሁ። ሞገዱ ወርዶ፣ የድንጋዩ ጠባይ ከሚቀየርበት ተንጸባርቆ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ሁለት የሳይዝሚክ መስመሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ አንዱ ሆራይዘን፣ ማለትም በዳታው ላይ የምንከተለው የአንድ ድንጋይ ወሰን ነጸብራቅ፣ 40 ሚሊሰከንድ አልገጥም አለ። እኔም በመካከላቸው ፎልት፣ ማለትም ድንጋዩ ተሰብሮ የተንሸራተተበት ስንጥቅ፣ ሣልኩ። በዚያ ላይ ሳምንታት ሠራሁ። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ የድሮ ሪፖርቶቹን ከሳጥን አውጥቶ አሳየኝ። ጥናቶቹ የተካሄዱት በተለያየ ዓመት ነው። የአንዱ ጊዜ የሚቆጠረው ከባሕር ወለል፣ የሌላው ከባሕር ወለል 60 ሜትር ከፍ ብሎ ነበር። በሰከንድ 3,000 ሜትር ሲሰላ ደርሶ መልሱ ልክ 40 ሚሊሰከንድ ይሆናል። እኔ የሣልኩት ፎልት ምድር ውስጥ አልነበረም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፣ ምክንያቱም ሌሎቹን መገናኛዎች ባያቸው ኖሮ በአንድ ቀን ይገባኝ ነበር። በሁሉም መገናኛ ላይ ልዩነቱ አንድ ዓይነት ከሆነ፣ መጀመሪያ ሪፖርቱን ጠርጥሩ።

ስለዚህ ዳታው እጃችሁ ሲገባ ሆራይዘን ለመልቀም አትቸኩሉ። መስመሩ መሬት ላይ የት እንዳለ አረጋግጡ። የድሮ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው የቦታ መለኪያ መነሻ ነው፤ ጂፒኤሳችሁ የሚሰጣችሁ ደብልዩ ጂ ኤስ 84 በሚባለው በሌላ መነሻ ነው። ሳትቀይሩ ብታቀላቅሏቸው መስመሩ ከ100 ሜትር በላይ ይሸሻል። ለጉድጓድ ቆፋሪ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የፍንዳታ ነጥቡ (ሞገዱ የተላከበት ቦታ) ቁጥርና የትሬሱ (በዳታው ላይ ያለው የአንድ ሞገድ ቅጂ) ቁጥርም አንድ አይደሉም፤ ማገናኛ ሠንጠረዡን ፈልጉ። ፖላሪቲውንም፣ ማለትም የሞገዱ ጉብታና ጎድጓዳ የትኛውን ለውጥ እንደሚያመለክት፣ ጠይቁ።

ከዚያ ጉድጓድ ካለ ወደ ጉድጓዱ ሂዱ። የትኛው ነጸብራቅ የትኛው ድንጋይ እንደሆነ የሚነግራችሁ እሱ ነው። የፍጥነት ልኬቱንም ከእሱ ውሰዱ። 2 ሰከንድ ላይ ያለ ሆራይዘን በሰከንድ 3,000 ሜትር ብትሉት 3,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ነው። 3,300 ብትሉት 300 ሜትር ይወርዳል። በካርታው ላይ ተራራ የመሰላችሁ ነገር የፍጥነት ስህተት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፎልቶቹን ከኮንቱር (እኩል ጥልቀት ያላቸውን ነጥቦች ከሚያገናኘው መስመር) በፊት ጨርሱ። የመጀመሪያውን ኮንቱር ደግሞ በእርሳስ ሥሩት፣ እባካችሁ። ኮምፒውተሩ ዳታ በሌለበትም መስመር ይሥላል፤ እጃችሁ ግን እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ደጀን ከመጣችሁ ፀሐይ ሳትበረታ ውረዱ። ደብተርና እርሳስ ያዙ። አንድ ኩርባ ላይ ቁሙና የጎሐ ጽዮንን ገደል ንደፉት። በእናንተ በኩል ያለውን የኖራ ድንጋይ አናት እዚያ ማዶ ፈልጉት። ከፍታው እኩል ነው ወይስ ዝቅ ብሏል? ከሁለቱ መሐል ያለውን በምን ታገናኙታላችሁ? ንድፉን ይዛችሁልኝ ኑ።