ድመቷ ያጣመመችው ብላይንድ፣ የተያዘው ዲፖዚት እና የአዲሱ አገጣጠም

የጠያቂያችን ጉዳይ ባጭሩ ይሄ ነው። ተከራይታ የምትኖርበት ቤት ሳሎኑ ሦስት መስኮት አለው፣ ስትገባ ጀምሮ የቆየ የፕላስቲክ ብላይንድ (በገመድ የሚሰበሰብ የመስኮት መከለያ) ተገጥሞበት ነበር። ድመትና ትልቅ ውሻ አላት፣ ውሉ «የቤት እንስሳ ይፈቀዳል» ይላል፣ ከዛ ውጪ ስለ እንስሳ ምንም የለውም። ድመቷ እየተንጠላጠለች ስላቶቹን (የብላይንዱን ጠፍጣፋ ዝርግ ቁራጮች) አጣመመቻቸው፣ ውሻው ደግሞ ውጪ ሰው ባለፈ ቁጥር አፍንጫውን እየሰካ የሁለቱን መስኮት ብላይንድ ሰባበረው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ድመቷ የማንሻው ገመድ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ተገኘች፣ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ጠያቂያችን አሮጌውን አውልቃ ሌላ መግጠም ትፈልጋለች፣ አከራዩ ግን የሦስቱንም መስኮት የአዲስ ብላይንድ ሙሉ ዋጋ ከዲፖዚትሽ (ስትገቢ ካስያዝሽው ገንዘብ) እቆርጣለሁ ብሏታል። መብቱ ነው ወይ? እኔ የምገጥመውንስ ስለቅ ይዤው መሄድ እችላለሁ? ትላለች።

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ድመትሽ ተረፈችልሽ። ወደ ሕጉ ከመግባቴ በፊት ዛሬውኑ አንድ ነገር አድርጊ። ገመዱን እንዳለ ፎቶ አንሺው፣ ከዛ ብላይንዱን እስከ ላይ ሰብስበሽ ገመዱን ከላይኛው ሳጥን ጋር አንድ ላይ እሰሪው። ብሪታንያ ውስጥ ገመዱ የሚጠመጠምበት ማንጠልጠያ ከወለል ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ብሎ ነው መታሰር ያለበት፣ ግን ያ ለሕፃን የወጣ ልክ ነው፣ ድመት እኮ መስኮት ደፍ ላይ ትዘላለች፣ 1.5 ሜትር ለሷ ምንም አይደለም።

አገርሽን ስላልጻፍሽልኝ የምመልስልሽ በብዙ አገር ሕግ በሚያስኬደው መርህ ነው፣ የቀን ገደብና የዲፖዚት አመላለስ ላይ የምትኖሪበትን አገር የኪራይ ሕግ ማየት ይኖርብሻል።

ደስ የማይልሽን ላስቀድም። እንስሳሽ ላጠፋው ጥፋት ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ። «እኔ ቤት አልነበርኩም፣ ድመት ናት ምን ላድርጋት» የሚለው መከራከሪያ ብዙም አይረዳሽም። ሮማውያን በ12ቱ ሰሌዳዎች ሕጋቸው ጊዜ ጀምሮ ባለቤቱ ወይ ጉዳቱን ይክፈል ወይ እንስሳውን አሳልፎ ይስጥ ይሉ ነበር፣ የፈረንሳይ ሕግም፣ የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም በቁጥር 2071 ባለቤቱን ነው የሚይዙት፣ እንስሳው በድንገት አምልጦ ቢሆን እንኳን። ውሉ ላይ «እንስሳ ይፈቀዳል» መባሉ ማሳደር ተፈቀደልሽ ማለት ነው፣ ያበላሸውን አልጠይቅሽም ማለት አይደለም። ብዙ ሰው እዚጋ ነው የሚሳሳተው፣ ፈቃድ ስላለኝ ነፃ ነኝ ብሎ ያስባል።

አሁን ደግሞ የአከራዩ ስህተት። ተጠያቂ መሆንሽ የአዲስ ዋጋ ትከፍያለሽ ማለት አይደለም። ካሳ ማለት የጠፋበትን መተካት ነው፣ እሱ የጠፋበት ደግሞ አሮጌ ብላይንድ እንጂ አዲስ ብላይንድ አይደለም። እንበልና አንድ ብላይንድ 8 ዓመት ያገለግላል ተብሎ ቢታሰብና ያንቺ ስትገቢ 4 ዓመት ሞልቶት ቢሆን፣ አንቺ 2 ዓመት ብትኖሪበት፣ የቀረው ዕድሜ ሩብ ነው፣ ስለዚ ክርክሩ ስለዛ ሩብ ብቻ ነው መሆን ያለበት። በዛ ላይ በፀሐይ ቢጫ መሆኑ፣ ገመዱ መሳሳቱ፣ የማዞሪያው ዘንግ መላላቱ ያንቺ ዕዳ አይደለም፣ ከጊዜ ጋር የሚመጣ ልብስና ዕቃ ሁሉ የሚያልቀው ዓይነት ማለቅ ነው፣ ያንን አከራዩ ራሱ ይሸከማል። የተጣመመና የተሰበረ ስላት ግን ጉዳት ነው፣ እሱን አትካጂ። ሦስተኛው መስኮት ደህና ከሆነ ደግሞ በሁለቱ ምክንያት የሦስቱን ጠይቆ ማስከፈል አይችልም። ስለዚ መጀመሪያ የምትጠይቂው «መቼ ነው የገዛኸው? ደረሰኝ አለህ?» ነው። ስትገቢ ያነሳሽው ፎቶ ወይም የርክክብ ወረቀት ካለሽ ፈልጊው፣ ከሌለሽም ያኔ ለጓደኛ የላክሽው የሳሎን ፎቶ ጀርባው ላይ ብላይንዱ ታይቶ ሊሆን ይችላል፣ እሱም ማስረጃ ነው።

ሌላ ደግሞ አለ። የቆየ የፕላስቲክ ብላይንድ ነው ብለሻል፣ ምን ያህል የቆየ ነው? እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን ከውጪ የገቡ አንዳንድ የቪኒል (ፕላስቲክ) ሚኒ ብላይንዶች ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) እንዳለ አግኝቶ አስጠንቅቆ ነበር፣ ፕላስቲኩ በፀሐይና በሙቀት ሲፈራርስ ላዩ ላይ የእርሳስ ብናኝ ያወጣል። ያንቺ ከዛ ዘመን ከሆነ፣ ውሻሽ ደግሞ ያኝከዋል፣ ድመትሽ መዳፏን ትልሳለች፣ እባክሽ አታቆዪው። ለአከራዩም በጽሑፍ ንገሪው፣ ምክንያቱም አከራይ ያከራየው ቤት አደጋ የሌለበት እንዲሆን የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ አደጋውን እያወቀ ዝም ካለ ነገሩ በሱ ላይ ይዞራል። የገመዱም ነገር እንደዛው ነው፣ ድመቷ የታነቀችበትን ቀንና ሁኔታ ጽፈሽ በሜሴጅ ላኪለት፣ በስልክ ብቻ አታውሪ።

ወደ አዲሱ ምርጫ ስንመጣ፣ ይሄ የሕግ ጥያቄ አይደለም ትይኝ ይሆናል፣ ግን ነው። ነገ ይሄ ብላይንድ ቢበላሽ ወይ እንስሳውን ቢጎዳ መጀመሪያ የሚነሳው ጥያቄ «ድመት እንዳለሽ እያወቅሽ ለምን ይሄን መረጥሽ?» ነው፣ አመራረጥሽ ራሱ ጥንቃቄሽን ያሳያል ወይም ያሳጣሻል።

ገመድ ያለው አትግዢ፣ በቃ። ሻጩ «ሕጉን ያሟላ ነው» ቢልሽም። ለምን መሰለሽ፣ የካናዳ ደንብ ከእ.ኤ.አ. 2022 ግንቦት ጀምሮ የሚደረስበት ገመድ ከ22 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ፣ የሉፕ (የገመዱ ቀለበት) ዙሪያው ደግሞ ከ44 ሴንቲሜትር እንዳይበልጥ ነው የሚለው፣ አሜሪካም ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን ከእ.ኤ.አ. 2018 መጨረሻ ጀምሮ ገመድ አልባ አድርጋ በልክ የሚሠራውን ደግሞ በእ.ኤ.አ. 2024 አጠበቀችው፣ እነዚ ሁሉ ግን የታሰቡት ለልጅ ነው። 44 ሴንቲሜትር የልጅ ጭንቅላት እንዳያልፍበት ነው፣ የድመት ጭንቅላት ግን ያለምንም ችግር ያልፍበታል። ስለዚ «ስታንዳርዱን ያሟላል» ማለት ለድመትሽ ምንም ዋስትና አይደለም። በእጅ ተገፍቶ የሚወጣ የሚወርድ፣ ወይም በባትሪ የሚሠራ ይሁን።

ከዓይነቱ ደግሞ ቨርቲካል የሚባለውን፣ ስላቱ ከላይ ወደ ታች የሚንጠለጠለውን፣ ተይው፣ ድመት በመሃሉ እየሾለከች ትነቅለዋለች፣ ብዙዎቹ ከታች የሚያያይዛቸው ትንንሽ ሰንሰለት አላቸው እሱ ራሱ እግር ይይዛል። የማር እንጀራ የሚመስለው ባለ ክፍልፋዩ ጨርቅ ደስ ይላል ሙቀትም ይጠብቃል ግን ጥፍር በቀላሉ ይበሳዋል። ስስ አሉሚኒየም አንዴ ከታጠፈ አይመለስም። ለአንቺ ቤት የሚሻለው ጨርቁ ጥቅጥቅ ብሎ የተሠራ ገመድ አልባ ሮለር ነው፣ ጥፍር የሚገባበት ክር የለውም፣ ሲሰበሰብም ከላይ ተጠቅልሎ ከነሱ ይርቃል። ስላት ያለው ነው የምፈልገው ካልሽ ሰፋ ያለውን፣ 5 ሴንቲሜትር ገደማ የሆነውን ውሰጂ፣ ከስሱ ይልቅ ይችላል። ደግሞ ውሻው የሚሰብረው በክፋት አይደለም፣ ማየት ፈልጎ ነው፣ ቀን ቀን ከታች 20 ወይም 30 ሴንቲሜትር ክፍት ተይለት፣ ያቺን ክፍተት ካገኘ ሌላውን አይነካውም።

ስትገዢ ልኩን ማን ወሰደ የሚለው ትልቅ ነገር ነው። በልክ የተሠራ ዕቃ በብዙ ቦታ አይመለስም፣ የአውሮፓ ኅብረት የሸማቾች መመሪያ እንኳን በኢንተርኔት ለገዛ ሰው የሚሰጠውን የ14 ቀን የመመለስ መብት በልክ ለታዘዘ ዕቃ አይሰጥም። ስለዚ አንቺ ለክተሽ 1 ሴንቲሜትር ብትሳሳቺ ኪሳራው ያንቺ ነው፣ ሻጩ መጥቶ ከለካ ግን የሱ ነው። ከቻልሽ እሱ ይለካ፣ ልኩንም በጽሑፍ ይስጥሽ። አንቺ የምትለኪ ከሆነ በመስኮቱ ጉድጓድ ውስጥ ለሚገባው ወርዱን ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለክተሽ ጠባቡን ያዢ፣ ግድግዳ አንድም ቀን እኩል ሆኖ አያውቅም። ስታዢም «ድመትና ውሻ አለኝ፣ ገመድ አልባ ነው የምፈልገው» ብለሽ በሜሴጅ ጻፊ፣ ዓላማሽን ነግረሽው ለዛ የማይሆን ዕቃ ከሰጠሽ የምትከራከሪበት መሠረት ይኖርሻል፣ በቃል ካልሽው ግን ማን ያምንሻል።

አሁን ወደ መግጠሙ። ተከራይ ስለሆንሽ ግድግዳው ያንቺ አይደለም፣ ድሪል ከመነሳቱ በፊት የአከራዩ የጽሑፍ ፈቃድ ያስፈልግሻል። ፈቃድ ስል «እሺ ግጠሚ» የሚል መልእክት ብቻ አይደለም፣ ሦስት ነገር መመለስ አለበት፦ አሮጌው የት ይሄዳል፣ አዲሱ የማን ነው፣ ስትለቂ ቀዳዳውን ማን ይደፍናል። አሮጌውን እንዳትጥዪው! የተሰበረም ቢሆን የሱ ንብረት ነው፣ ከጣልሽው የጉዳቱን መጠን የምታሳዪበት ማስረጃም አብሮ ሄደ፣ ጠቅልለሽ አስቀምጪው ወይ አስረክበሽው ፈርሚ አስፈርሚ።

ይዤ መሄድ እችላለሁ ወይ ላልሽው፣ ቤቱን ሳይጎዳ በብሎን ተፈቶ የሚነሳ ነገር ተከራዩ ራሱ በገንዘቡ የገጠመው ከሆነ በአብዛኛው መውሰድ ይቻላል፣ የጀርመን ሕግ ለምሳሌ ተከራይ የገጠመውን ነቅሎ የመውሰድ መብት በግልጽ ይሰጠዋል፣ ግን ቦታውን እንደነበረ መመለስ ግዴታው ነው። ችግር የሚመጣው አከራዩ «በዕዳሽ ፈንታ ያንቺውን ተይልኝ» ሲል ነው። ይሄ መጥፎ ሐሳብ አይደለም እንዲያውም ለሁለታችሁም ሊጠቅም ይችላል፣ አዲሱን ትተሽለት እሱ ስለ አሮጌው ከዲፖዚት አይቆርጥም፣ ግን ይሄ ስምምነት አሁን ይጻፍ፣ የምትለቂበት ቀን ሲመጣ ሁለቱንም እንዳይጠይቅሽ።

የመስኮቱን ፍሬም እንዳትበሺው። አሉሚኒየም ወይም ፒቪሲ (ፕላስቲክ) ፍሬም ሲበሳ ውሃ የሚገባበት መንገድ ይከፈታል፣ የመስኮቱ ዋስትናም ሊቀር ይችላል፣ የብላይንድ ክርክር የነበረው የመስኮት ክርክር ይሆናል። ከግድግዳው በፊሸር (ብሎኑን በቀዳዳው ውስጥ አጥብቆ በሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ)፣ ወይም ከእንጨት ከሆነ በቀጥታ ይያዝ። ጨርሶ መብሳት ካልተፈቀደ በስፕሪንግ ተወጥሮ የሚቆም አለ፣ ለትንሽ መስኮት ይሆናል፣ ትልቅ ውሻ ባለበት ሰፊ መስኮት ላይ ግን አልመክርሽም፣ አንዴ ከተደገፈበት ይወርዳል።

የሚገጥምልሽን ሰው ምረጪ፣ ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሚገጥም፣ ስንት እንደተከፈለው ጻፊ። ልስኑ ላይ ብቻ ብሎን አስገብቶ ሄዶ ብላይንዱ ቢወድቅና ውሻውን ቢመታው ተጠያቂው እሱ ነው፣ «ውሻ ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብሎ ማለፍ አይችልም። ብዙ ሕግ እንስሳን እንደ ንብረት ስለሚያይ ካሳ የሚጠየቁ ሰዎች ካሳው ከእንስሳው መግዣ ዋጋ እንዳይበልጥ ይከራከራሉ፣ ጀርመን ግን ከእ.ኤ.አ. 1990 ጀምሮ እንስሳ ዕቃ አይደለም ብላ ጽፋለች፣ የሕክምናው ወጪ ከእንስሳው ዋጋ ስለበለጠ ብቻ በዛ አይባልም የሚል ድንጋጌም አላት። ሌላ አገርም ሆነሽ የሐኪሙን ደረሰኝ በሙሉ ያዢ፣ የባለፈው ሳምንቱንም ወስደሻት ከነበረ ጨምሪ።

ለአከራዩ እንዲህ ብለሽ ጻፊለት፣ ስምና ቀን ጨምሪበት፦ «የሳሎኑ ብላይንድ ገመድ ድመቴን አንቆ ለጥቂት ተርፋለች፣ ፎቶ አያይዣለሁ። የሁለቱ መስኮት ስላት መጎዳቱን አምናለሁ፣ በዕድሜው ልክ ድርሻዬን እከፍላለሁ፣ ለዚህም የተገዛበትን ደረሰኝ እንድትልክልኝ እጠይቃለሁ። በራሴ ወጪ ገመድ አልባ ሮለር ግድግዳው ላይ ለመግጠም ፈቃድህን እፈልጋለሁ፣ ፍሬሙ አይበሳም፣ አሮጌውን አስረክብሃለሁ፣ ስለቅ የኔን አንስቼ ቀዳዳውን እደፍናለሁ፣ ወይም ከፈለግህ በአሮጌው ፈንታ ትቼልህ ዲፖዚቴን ሙሉ ትመልስልኛለህ። የትኛውን እንደምትመርጥ በጽሑፍ መልስልኝ።» መልሱ እስኪመጣ ድሪሉን አታስነሺ፣ ብላይንዱ ግን ከላይ እንደታሰረ ይቆይ።