የግዙፎቹ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ፉክክር፦ ጥያቄና መልስ

በጉግል፣ በአፕል፣ በማይክሮሶፍት፣ በሜታና በመሰሎቻቸው መካከል ስላለው ፉክክር የምትጠይቁትን ዐቅሜ በፈቀደ መጠን እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ማሳሰቢያዎች አሉኝ። አንደኛ፣ የማንን አክሲዮን መግዛት እንደሚያዋጣ አልመክርም። ሁለተኛ፣ ክስ ሌላ፣ የፍርድ ቤት ውሳኔ ሌላ፣ በይግባኝ የጸና ውሳኔ ደግሞ ሌላ ነው፤ ሦስቱን የሚያደባልቅ ጥያቄ ከመጣ ከመልሱ በፊት ጥያቄውን አርማለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው።

ታዛቢ፦ አፕልና ጉግል በአይፎንና በአንድሮይድ ምክንያት ለዓመታት ሲናቆሩ አይተናል። በእርግጥ ባላንጣዎች ናቸው ወይስ ውስጥ ለውስጥ ተስማምተው ይሠራሉ?

መልስ፦ ሁለቱም እውነት ነው፤ ይህን መድረክ እንድከፍት ያነሣሣኝም ይኸው ነው። ጉግል አንድሮይድን የገዛው በ2005 ነው። የዚያን ጊዜው የጉግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ኤሪክ ሽሚት ከ2006 ጀምሮ የአፕል የዳይሬክተሮች ቦርድ አባል ነበሩ፤ በ2007 የወጣው የመጀመሪያው አይፎንም በጉግል ካርታ የሚሠራ ነበር። ሽሚት ከቦርዱ የወጡት በ2009፣ ሁለቱ ኩባንያዎች በስልክ ገበያ ፊት ለፊት መጋጠማቸው ግልጽ ከሆነ በኋላ ነው። በ2012 አፕል የጉግልን ካርታ አስወግዶ የራሱን ሲተካ ካርታው ከመጠን በላይ ስሕተት የበዛበት በመሆኑ ያኔ አፕልን ይመሩ የነበሩት ቲም ኩክ በይፋ ይቅርታ ጠይቀዋል። ይህንን የጠብ ታሪክ ሁሉም ሰው ያውቀዋል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን በዚያ ሁሉ ዘመን በአፕል ብሮውዘር፣ በሳፋሪ፣ ነባሪ ሆኖ የኖረው የፍለጋ ሞተር ጉግል መሆኑን ነው። አዲስ አይፎን የገዛ ሰው በሳፋሪ የላይኛው ሳጥን ውስጥ ቃል ጽፎ ሲፈልግ ማንም ሳይጠይቀው ፍለጋው ወደ ጉግል ይሄዳል፤ ለዚያች ሳጥን ደግሞ ጉግል ይከፍላል። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር በ2020 በጉግል ላይ ባቀረበው ክስ በተካሄደው ችሎት እንደታየው፣ ጉግል በ2022 ለአፕል ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር ያህል ከፍሏል፤ በ2021 ደግሞ ለስልክ አምራቾች፣ ለቴሌኮም ድርጅቶችና ለብሮውዘር ባለቤቶች በድምሩ 26.3 ቢሊዮን ዶላር አውጥቷል። በሳፋሪ በኩል ከሚመጣ ፍለጋ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ የአፕል ድርሻ 36 በመቶ እንደሆነም በዚያው ችሎት አንድ ምስክር ሲናገሩ ተሰምቷል።

አፕል የራሱን የፍለጋ ሞተር ለመሥራት ገንዘቡም፣ መሐንዲሱም፣ ተጠቃሚውም አለው። ነገር ግን ሥራውን በጀመረበት ቀን በየዓመቱ ያለ ድካም የሚገባለትን ይህን ገቢ አሳልፎ መስጠት ይኖርበታል። ስለዚህ ክፍያው ቦታ ከመግዛት አልፎ ከሁሉ ይልቅ ሊያሰጋ የሚችለውን ተፎካካሪ ከሜዳው ውጭ ያቆየዋል። ስለ ፉክክር ስታስቡ በመድረክ ላይ የሚባለውን ትታችሁ ውሉን አንብቡ የምለው በዚህ ምክንያት ነው።

ተጠራጣሪ፦ ሰው ጉግልን የሚመርጠው ስለሚሻል ነው። ያልወደደው ቅንብሩን ከፍቶ በደቂቃ ውስጥ መቀየር ይችላል። ነባሪ መሆን ይህን ያህል ለምን ይጋነናል?

መልስ፦ ጉግል ጥሩ አገልግሎት መሆኑን ይህንኑ ክስ ያዩት ዳኛ አሚት ሜህታም አልካዱም። ነገር ግን በሰጡት ውሳኔ ውስጥ የሰፈረውን አንድ ንጽጽር ልጥቀስልዎት። የማይክሮሶፍት ብሮውዘር የሆነው ኤጅ ነባሪ የፍለጋ ሞተሩ ቢንግ ነው፤ በኤጅ ላይ ከሚደረገው ፍለጋ 80 በመቶ ያህሉ በቢንግ ይካሄዳል። ከኤጅ ውጭ ባለው ገበያ ቢንግ ለስሙ ያህል ብቻ ያለ ነው። የኤጅ ተጠቃሚዎች ከሌላው ሰው የተለየ ምርጫ ቢኖራቸው እንኳ ልዩነቱ ይህን ያህል ሊሰፋ አይችልም። ሰው ቅንብር መቀየር ይችላል፤ አብዛኛው ግን አይቀይርም። ጉግልም ይህንን ከማንም በላይ ስለሚያውቅ ነው በቢሊዮን የሚከፍለው፤ ተጠቃሚው በራሱ ፈቃድ ፈልጎ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ወጪ ከንቱ ይሆን ነበር።

ዳኛው በነሐሴ 2024 ጉግል የሞኖፖሊ ሥልጣኑን በሕገ ወጥ መንገድ እንዳስጠበቀ ወሰኑ። በመስከረም 2025 በሰጡት የመፍትሔ ውሳኔ ደግሞ ሌላውን የሚያገልሉ ውሎችን ከለከሉ፣ የተወሰነ የፍለጋ መረጃ ለተፎካካሪዎች እንዲካፈል አዘዙ፤ የጉግል ብሮውዘር ክሮም ይሸጥ የሚለውን የመንግሥት ጥያቄ ግን ውድቅ አደረጉ፤ ክፍያውንም ፈጽሞ አልከለከሉም። በእኔ ግምት ክፍያው እስከቀጠለ ድረስ አፕል የሚያደርገው ስሌት ብዙም አይለወጥም።

አዲስ ገቢ፦ ታዲያ አሁን የጉግልን አክሲዮን መግዛት ያዋጣል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን ማሳሰቢያ ያንብቡ።

ሌላ አባል፦ አይፎን ይሻላል ወይስ ሳምሰንግ?

መልስ፦ የስልክ ምርጫ የዚህ መድረክ ጉዳይ አይደለም። የሁለቱን ኩባንያዎች ግንኙነት ጠይቀው ቢሆን ኖሮ ግን፣ አፕል በ2011 ዲዛይኔን ቀዳህ ብሎ ሳምሰንግን ሲከስና በ2012 የዳኝነት ጉባኤው ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ሲፈርድለት የአይፎንን ዋና ቺፕ ያመርት የነበረው ራሱ ሳምሰንግ እንደነበረ እነግርዎት ነበር። ካሳው በኋላ ተቀንሶ፣ ክርክሩም ተራዝሞ፣ በ2018 በስምምነት ተዘጋ።

ታዛቢ፦ መንግሥት ጣልቃ መግባቱ ይጠቅማል የሚለውን ለመደገፍ የማይክሮሶፍትን ጉዳይ ማንሣት በቂ ነው። በ1998 ባይከሰስ ኖሮ ጉግል የሚባል ኩባንያ ባላደገም ነበር።

ተጠራጣሪ፦ በዚህ አልስማማም። የማይክሮሶፍት ብሮውዘር ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ90 በመቶ በላይ የብሮውዘር ገበያ ይዞ የነበረው ከክሱ በኋላ በነበሩት ዓመታት ነው። ገበያውን የነጠቁት በ2004 የወጣው ፋየርፎክስና በ2008 የመጣው ክሮም እንጂ ዳኛ አይደለም።

ታዛቢ፦ ማይክሮሶፍት በዚያን ጊዜ ጉግልን ከብሮውዘሩ ቢያግደው ማን ይከለክለው ነበር? እጁን የያዘው የክሱ ፍርሃት ነው።

ተጠራጣሪ፦ ያልሆነውን ነገር ምክንያት ማድረግ ለማንም ይቀላል፤ ማረጋገጫው የት አለ?

አዲስ ገቢ፦ ማይክሮሶፍት ለሁለት ከተከፈለ በኋላ እንደገና እንዴት ተዋሐደ?

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ተከፍሎ አያውቅም። ክስ፣ ውሳኔና ይግባኝ የሚለውን ማሳሰቢያ የጻፍኩት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ነው። ዳኛው ኩባንያው ለሁለት እንዲከፈል ያዘዙት በሰኔ 2000 ነው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በሰኔ 2001 ሕገ ወጥ ድርጊት መፈጸሙን በከፊል ቢያጸናም ለሁለት የመክፈሉን ትእዛዝ ሻረ፤ በዚያው ዓመት ኅዳር መንግሥትና ኩባንያው ተስማሙ።

ታዛቢና ተጠራጣሪ ለሚከራከሩበት ነጥብ ቁርጥ ያለ ማስረጃ ሊገኝ አይችልም፤ እኔ ወደ ታዛቢ አዘነብላለሁ። ሁለታችሁም ያላነሣችሁት ነገር ግን የማይክሮሶፍት ጉዳይ መነሻ ያው ነባሪነት መሆኑን ነው። በነሐሴ 1997 ማይክሮሶፍት በከባድ ኪሳራ ላይ በነበረው አፕል ውስጥ 150 ሚሊዮን ዶላር ሲያፈስ ዜናው ባላንጣ ባላንጣውን አዳነ የሚል ነበር። ከስምምነቱ አንዱ ክፍል ማይክሮሶፍት ኦፊስን ለማክ ለ5 ዓመት መሥራቱን እንዲቀጥል የሚያስገድድ ሲሆን፣ ሌላው ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር በማክ ላይ ነባሪ ብሮውዘር እንዲሆን የሚደነግግ ነበር። ያኔ እየወደቀ የነበረው ተፎካካሪ ብሮውዘር ኔትስኬፕ ነው። ማይክሮሶፍት የተጠቀመበትን መንገድ ጉግል በኋላ ወርሶ አስፍቶታል።

አንባቢ፦ ሜታ ኢንስታግራምንና ዋትስአፕን የገዛው ተፎካካሪ ለማጥፋት ነው ይባላል። ፍርድ ቤት እንዲህ ብሎ ወስኗል?

መልስ፦ አልወሰነም፤ እንዲያውም የፈረደው ለሜታ ነው። ፌስቡክ (የዛሬው ሜታ) ኢንስታግራምን በ2012 በ1 ቢሊዮን፣ ዋትስአፕን በ2014 በ19 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማማ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የኢንስታግራሙን ግዢ ያኔ መርምሮ ሳያግድ አሳልፎ፣ በ2020 ተመልሶ ከሰሰ። በኅዳር 2025 ዳኛው ለሜታ ፈረዱ፤ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተመልካቹን እየተሻሙት ባለበት በዛሬው ገበያ ሜታ ሞኖፖሊ መሆኑ አልተረጋገጠም አሉ። ግዢዎቹ በተፈጸሙበት ዘመን ጥያቄው ቀርቦ ቢሆን ኖሮ መልሱ ሌላ ሊሆን ይችል ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ግን የእኔ አስተያየት እንጂ ፍርድ አይደለም።

ገንቢ፦ መተግበሪያ ለምንሠራ ሰዎች አንገብጋቢው ጉዳይ የመተግበሪያ መደብሮቹ ከሽያጫችን የሚወስዱት 30 በመቶ ኮሚሽን ነው። ለውጥ አለ?

መልስ፦ ዘገምተኛ ለውጥ አለ። የጨዋታ ኩባንያው ኤፒክ በነሐሴ 2020 ፎርትናይት በተባለው ጨዋታው ውስጥ የራሱን መክፈያ ሲያስገባ አፕልም ጉግልም ጨዋታውን በዚያው ቀን ከመደብራቸው አወጡት። በ2021 ዳኛዋ በአብዛኞቹ ነጥቦች ለአፕል ፈረዱ፤ ገንቢዎች ተጠቃሚውን ወደ ውጭ መክፈያ እንዲመሩ ግን አፕል እንዲፈቅድ አዘዙ። አፕል ትእዛዙን የፈጸመው በውጭ በሚደረግ ግዢ ላይ 27 በመቶ በመጠየቅ ነበር፤ በሚያዝያ 2025 ዳኛዋ ይህንን ትእዛዝን እንደመጣስ ቆጥረውታል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል ገበያዎች ሕግ ከመጋቢት 2024 ጀምሮ እነዚህን ኩባንያዎች የሚያስገድድ ሲሆን፣ በሚያዝያ 2025 አፕልን 500 ሚሊዮን፣ ሜታን 200 ሚሊዮን ዩሮ አስቀጥቷል። ዝርዝሩን ከእኔ ይልቅ በመስኩ የሚሠሩ ሰዎች ያውቁታል።

ሌላ አባል፦ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ምን ይላሉ?

መልስ፦ ስለ ምኑ? እንዲህ የሰፋ ጥያቄ መልስ የለውም። ከፉክክሩ ጋር የሚያያዘውን ብቻ ልምረጥ። ማይክሮሶፍት በቻትጂፒቲ ሠሪው በኦፕንኤአይ ላይ ከ2019 ጀምሮ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር አፍስሷል፤ በ2024 ዓመታዊ ሪፖርቱ ደግሞ ያንኑ ኦፕንኤአይን ከተፎካካሪዎቹ መካከል ዘርዝሮታል። ጉግል፣ አማዞንና ማይክሮሶፍት እያንዳንዳቸው ከቺፕ ሻጩ ከኤንቪዲያ ጥገኝነት ለመላቀቅ የራሳቸውን ቺፕ ይነድፋሉ፤ ሆኖም ከኤንቪዲያ ዋና ዋና ደንበኞች ውስጥ ናቸው። የኤንቪዲያንም፣ የአፕልንም፣ የኤኤምዲንም የረቀቁ ቺፖች የሚያመርተው የታይዋኑ ቲኤስኤምሲ ሲሆን፣ ለዚህ ምርት የሚያስፈልገውን፣ ንድፉን በብርሃን የሚያትመውን የኢዩቪ ማሽን በዓለም ላይ የሚሠራው የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። ታች ሲወረድ ፉክክሩ እየቀነሰ ይሄዳል።

አዲስ ገቢ፦ በመጨረሻ ግን ማን ያሸንፋል?

መልስ፦ ይህ የአክሲዮኑ ጥያቄ ስሙን ቀይሮ የመጣ ይመስለኛል። አልመልስም።

ሠራተኛ፦ በእነዚህ ኩባንያዎች መካከል ያለው ፉክክር ቢያንስ ለመሐንዲሶቻቸው ደመወዝ ጠቅሟል ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነው። በአጠቃላይ ጠቅሟል፤ ኩባንያዎቹ ግን ይህንንም ፉክክር በስምምነት ለመዝጋት ሞክረዋል። በመጋቢት 2007 ያኔ አፕልን ይመሩ የነበሩት ስቲቭ ጆብስ አንድ የጉግል ቀጣሪ የአፕልን መሐንዲስ ለመውሰድ እየሞከረ መሆኑን ጠቅሰው፣ ይህ እንዲቆም ለሽሚት በኢሜይል ጻፉ። ሽሚት በዚያን ጊዜ የአፕል ቦርድ አባል እንደነበሩ አትርሱ። ሽሚት መልእክቱን ለበታቾቻቸው አስተላለፉ፤ የተመለሰላቸው መልስ ቀጣሪው በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሥራ እንደሚሰናበት የሚገልጽ ነበር። ይህ ለጆብስ ሲነገራቸው የመለሱት የፈገግታ ምልክት ብቻ ነው።

በ2010 የፍትሕ ሚኒስቴር አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴል፣ አዶቢ፣ ኢንቱይትና ፒክሳር አንዱ የሌላውን ሠራተኛ ላለመጋበዝ የገቡትን ስምምነት እንዲያፈርሱ አስገደደ፤ ካሳ ግን አልተጠየቀም ነበር። ካሳውን ያመጣው 64,000 ያህል ሠራተኞችን ወክሎ የቀረበው የጋራ ክስ ነው። በ2014 አፕል፣ ጉግል፣ ኢንቴልና አዶቢ 324.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ቢስማሙም ዳኛዋ ሉሲ ኮህ አነስተኛ ነው ብለው አልተቀበሉትም፤ በ2015 ጉዳዩ በ415 ሚሊዮን ዶላር ተዘጋ። ድምሩን ለሠራተኞቹ ብታካፍሉት የጠበቃ ወጪ ሳይነሣለት እንኳ ለአንድ ሰው 6,500 ዶላር አይሞላም፤ ስምምነቱ በሠራባቸው ዓመታት ውስጥ አንድ መሐንዲስ ኩባንያ በመቀየር ሊያገኝ ይችል የነበረውን የደመወዝ ጭማሪ በዚህ ሒሳብ አጠገብ አስቀምጡት።