የባስ ዘንግ ለዝዋይ ይሆናል?
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ የሚኖር ወንድሜ ለፋሲካ ሲመጣ አንድ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ፣ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጥ ሪል (የክር መጠቅለያ) እና ሣጥን ሙሉ የላስቲክ ትልና የፕላስቲክ ዓሣ ይዞልኝ መጣ። «የባስ ዕቃ ነው» ከማለት በቀር ብዙም አላብራራልኝም። ዘንጉ ላይ «7 ጫማ፣ ኤምኤች፣ ፋስት፣ 12–20 ፓውንድ፣ 3/8–1 አውንስ» ተጽፏል። ቅዳሜ ቅዳሜ ቢሾፍቱ ወይም ዝዋይ ብወርድ ይሠራልኛል? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ለአምባዛ ይሠራል፤ ለቆሮሶ አይሠራም። ምክንያቱ ዘንጉ ላይ ስለተጻፈ እሱኑ እናንብብ።

7 ጫማ ማለት 2.13 ሜትር ነው። «ኤምኤች» መካከለኛ ከባድ ማለት ሲሆን የዘንጉን ጉልበት ይናገራል፤ ለመታጠፍ ምን ያህል ክብደት እንደሚፈልግ ማለት ነው። «ፋስት» የሚለው ብዙ ሰው ያሳስታል። ስለ ፍጥነት ሳይሆን ዘንጉ የት ላይ እንደሚታጠፍ ይናገራል። ፋስት ዘንግ ወደ ጫፉ ያለው አንድ ሦስተኛው ብቻ ሲታጠፍ፣ «ሞደሬት» የሚባለው እስከ ወገቡ ይታጠፋል። 12–20 ፓውንድ የሚስማማው የክር ጥንካሬ ነው፤ በእኛ መለኪያ ከ5.4 እስከ 9 ኪሎ። ከሁሉም አብልጠው ማየት ያለብዎት ግን የመጨረሻውን ቁጥር ነው። 3/8–1 አውንስ ሲል ከ10.5 እስከ 28 ግራም የሚመዝን ነገር ወርውሩብኝ ማለቱ ነው። ከዚያ በታች ከሆነ ዘንጉ አይታጠፍም፤ ያልታጠፈ ዘንግ ደግሞ አይወረውርም። ከዚያ በላይ ሲሆን ጫፉ ሊሰበር ይችላል።

ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። አፉ ሰፊ፣ አዳኝ፣ ከሣርና ከግንድ ሥር አድፍጦ ያገኘውን የሚውጥ ዓሣ ነው፤ የወንድምዎ ላስቲክ ትልም የተሠራው ለዚያ አፍ ነው። የቆሮሶ አፍ ትንሽ ነው፤ የዕለት ምግቡም በአብዛኛው ውኃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ አልጌ ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የላስቲክ ትል ቢያልፍበት ዞር ብሎም አያይ። ለቆሮሶ የሚያስፈልግዎ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆ፣ 0.18 ወይም 0.20 ሚሊ ሜትር ናይለን፣ ትንሽ ቡሽ፣ ከ1 እስከ 3 ግራም እርሳስ፣ ከዚያም የመሬት ትል ወይም የአተር መጠን ያለው ሊጥ ነው። ዘንጉ ከ3 እስከ 15 ግራም የሚወረውር ቀላል፣ ሪሉ ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠለው ስፒኒንግ፣ መጠኑም 2000 ወይም 2500 ይሁን። እውነቱን ለመናገር፣ ጫፉ ላይ ክር የታሰረበት 3 ሜትር ቀርከሃ ቢሾፍቱ ላይ ከአሜሪካው ስጦታ የተሻለ ያጠምዳል። ጠንካራው ዘንግ የቆሮሶን ንክሻ አያሰማዎትም፤ ቢያዝልዎም ስስ ከንፈሩን ቀድዶ ይለቅብዎታል።

አምባዛ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። መንጠቆው ከ2/0 እስከ 4/0፣ ክሩ 0.35 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳ ያለው እርሳስ 15 ወይም 20 ግራም፣ ከዚያ የዶሮ ጉበት ወይም የዓሣ ቁራጭ። እርሳሱና ማጥመጃ ምግቡ ተደምረው 28 ግራም እንዳያልፉ ብቻ ይጠንቀቁ። ክሩ በእርሳሱ ቀዳዳ ውስጥ በነፃ ይለፍ፤ አምባዛው ክብደት ሲሰማው ምግቡን ይተፋዋልና። ጥሩው ሰዓት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሲይዙት ከጎንና ጎን ክንፎቹ ፊት ያሉትን ሹል አጥንቶች ይጠንቀቁ፤ ከኋላቸው አድርገው ይጨብጡ። ዝዋይ ላይ ውኃ ውስጥ አይግቡ፤ ቢልሃርዚያ አለ፤ ጉማሬም አለ።

ጥያቄ፦ ከዘንጉ በላይ የሚቀመጠው ሪል በወረወርኩ ቁጥር ክሩን ያተራምስብኛል። ፈትቼ ሳልጨርስ ቀኑ ይመሻል። ሪሉ ተበላሽቶ ይሆን? (አንባቢ፣ ከካዛንቺስ)

መልስ፦ አልተበላሸም። የዚህ ሪል ማጠንጠኛ ራሱ እየተሽከረከረ ነው ክር የሚለቀው፤ ማጠንጠኛው ከሉሩ (ከሚወረወረው ሰው ሠራሽ ማጥመጃ) ሲፈጥን የተረፈው ክር መሄጃ ያጣና እዚያው ይቆለላል። ይህ የሚደርሰው ሁለት ጊዜ ነው፦ በጉልበት መንጭቀው ሲወረውሩ፣ እና ሉሩ ነፋስ ገጥሞት ሲዘገይ ወይም ውኃውን ሲመታ።

መጀመሪያ ክሩን ያስተካክሉ። የተጎነጎነ ክር ካለበት ያውርዱትና ለመማሪያ 0.33 ሚሊ ሜትር ገደማ ናይለን ይሙሉበት፤ የተጎነጎነው ሲተራመስ እርስ በርሱ ተነካክሶ አይፈታም። ማጠንጠኛው እስከ አፉ አይሞላ፤ ከጠርዙ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ይጉደል። ከዚያ መንጠቆ የሌለው 14 ግራም ክብደት ይሰሩ። ከእጀታው አጠገብ ያለችውን ትንሽ ማጥበቂያ ይዘው የመልቀቂያውን ቁልፍ ይጫኑ። ክብደቱ ቀስ እያለ መውረድ አለበት፤ መሬት ሲነካ ማጠንጠኛውም አብሮ መቆም አለበት። መዞሩን ከቀጠለ ያጥብቁ፤ ጭራሽ ካልወረደ ያላሉ። በወዲያኛው ጎን ያለው ባለ ቁጥር መዘውር የመግነጢስ ፍሬኑ ነው፤ ከ10 ቁጥር 7 ወይም 8 ላይ ያድርጉት። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል፤ «ርቆ እንዲሄድ» ብሎ ፍሬኑን 2 ላይ ያደርግና ግማሽ ቀኑን ሲፈታ ይውላል።

አንድ የቀረ ብልሃት አለ። 25 ሜትር ያህል ክር ስበው ያውጡ፤ በቀረው ላይ አንድ ዙር ፕላስተር ይለጥፉና ያወጡትን መልሰው ይጠቅልሉ። ቢተራመስም ከፕላስተሩ በታች አይገባም።

ልምምዱን ውኃ ላይ አይጀምሩ። ጃንሜዳ ሰው በሌለበት ማለዳ ይበቃል፤ ልጆች ስለሚሮጡበት መንጠቆ ፈጽሞ አይሰሩ። 15 ሜትር ላይ ጋዜጣ አንጥፈው እዚያ ለማሳረፍ ይሞክሩ። ነፋሱ ከጀርባዎ ይሁን። አውራ ጣትዎ ማጠንጠኛውን እንደ ላባ ይንካው፤ ክብደቱ መሬት ሊነካ ሲል ደግሞ ጫን ያድርጉ። 20 ጊዜ ያለ ስህተት ሲወረውሩ ፍሬኑን በአንድ ቁጥር ይቀንሱ። ከ10 ግራም በታች የሆነ ሉር በዚህ ሪል ከመወርወር ግን ስፒኒንግ መግዛት ይሻላል፤ ቀላል ሉር ከባዱን ማጠንጠኛ በቅጡ ማስነሳት አይችልም።

ሲተራመስብዎ ክሩን በጥፍር አይጎትቱ። አውራ ጣትዎን ማጠንጠኛው ላይ በደንብ ተጭነው እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ያዙሩ፤ ከዚያ ክሩን ቀስ ብለው ይሳቡ። አብዛኛው በዚህ ይፈታል። ናይለኑ ተሰብሮ ነጭ ምልክት ካወጣ ያንን ክፍል ቆርጠው ይጣሉት፤ ትልቁ ዓሣ የሚያመልጠው በእሱ በኩል ነው።

ጥያቄ፦ ለሥራ ስብሰባ ኬንያ፣ ናይቫሻ እሄዳለሁ። ሐይቁ ላይ ባስ አለ አሉኝ። ሻንጣዬ ውስጥ ቦታ የለም፤ የትኞቹን ሉሮች ልያዝ? (አንባቢ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ አራት ብቻ ይያዙ።

ባስ ናይቫሻ የገባው በ1920ዎቹ መጨረሻ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በ1970 ደግሞ መነሻው አሜሪካ የሆነ የሉዊዚያና ቀይ ክሬይፊሽ፣ ሸርጣን መሰሉ ባለ መቆንጠጫ እንስሳ፣ እዚያው ተለቀቀና የባሱ ዋና ምግብ ሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያው ሉርዎ ከ10 እስከ 14 ግራም የሚመዝን ቡናማ ወይም ቀላ ያለ ጂግ ይሁን፤ ጂግ ማለት ጭንቅላቱ እርሳስ፣ ቀሚሱ የላስቲክ ክር የሆነ መንጠቆ ነው። ታች እስኪያርፍ ይጠብቁት፣ በዘንጉ ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ያንሡት፣ መልሰው ይጣሉት። ባስ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስደው ሲወርድ ነው፤ ስለዚህ ሲወርድ ክሩን እንጂ ሰማዩን አይዩ። ክሩ ወደ ጎን ከሄደ ተይዟል።

ሁለተኛው 15 ሳንቲ ሜትር የላስቲክ ትል ነው፤ አገጣጠሙም ቴክሳስ ይባላል። ጥይት የሚመስል 7 ግራም እርሳስ በክሩ ላይ ያሳልፉ፤ አንገቱ የተቆለመመ 3/0 መንጠቆ ይሰሩ። ጫፉን በትሉ አናት 1 ሳንቲ ሜትር አስገብተው በጎን ያውጡ፣ መንጠቆውን ያዙሩ፣ ጫፉን መልሰው ትሉ ሥጋ ውስጥ ይደብቁ። እንዲህ ሲሆን ሣር አይዝም። ትሉ ቀጥ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ ከተጨማደደ ውኃ ውስጥ እየተሽከረከረ ክርዎን ያከረዋል። ሲነከስ ዘንጉን ዝቅ ያድርጉ፣ የላላውን ክር ይጠቅልሉ፣ ከዚያ በኃይል ይምቱ። መንጠቆው መጀመሪያ ላስቲኩን መብሳት አለበት፤ ከላይ የፒያሳው አንባቢ የጠየቁት ኤምኤች ፋስት ዘንግ የተሠራውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው የሚሽከረከር ቅጠል ያለው ስፒነርቤይት ነው፤ ለደፈረሰና ለነፋሻ ውኃ። አራተኛው ክራንክቤይት፦ ከአገጩ ምላስ የወጣለት የፕላስቲክ ዓሣ። አጭር ምላስ ያለው 1 ሜትር ያህል ይጠልቃል፤ ረጅሙ ከ3 ሜትር በላይ ሊወርድ ይችላል። ለክራንክቤይት ግን ፋስት ዘንግ ጠላት ነው። ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ በጠንካራ ዘንግ ሲመቱ ከአፉ ይነቀላሉ፤ ያለዎት እሱ ብቻ ከሆነ አይምቱ፣ መጠቅለልዎን ብቻ ይቀጥሉ።

ስለ ቀለም ብዙ ይባላል። የእኛ ቅደም ተከተል ጥልቀት፣ ፍጥነት፣ ከዚያ ቀለም ነው። ውኃው ጥርት ካለ ተፈጥሯዊ ቀለም፣ ከደፈረሰ ጥቁር ወይም ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ። ሪሉ አንድ ብቻ ከሆነ 6.3 ለ 1 ይምረጡ፤ እጀታው አንዴ ሲዞር ማጠንጠኛው 6.3 ጊዜ ይዞራል፤ ለአራቱም ይስማማል።

ናይቫሻ ጉማሬ አለ፤ ከዳር ሆነው ብቻዎን አይወርውሩ፤ ጀልባና ቀዛፊ ይያዙ። ሲመለሱ ዕቃውን አጥበው በደንብ ያድርቁ። ሕያው ዓሣ ይዞ የመምጣት ሐሳብ ካለ ይተውት፤ የክሬይፊሹ ታሪክ ለምን እንደሆነ ይነግርዎታል።

ጥያቄ፦ ጫሞ ላይ ዓሣው ክሬን በተደጋጋሚ እየቆረጠ ሄደ። ክሩ 0.40 ነው፤ ከዚህ ላወፍረው? (አንባቢ፣ ከሜክሲኮ አካባቢ)

መልስ፦ ማወፈሩ አይፈውስም። ክሩ የተቆረጠው እንደ ምላጭ በንጽሕና ከሆነ ታይገርፊሽ ነው፤ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ሽቦ ከሉሩ በፊት ያስገቡ። ክሩ ተፍቆና ተሸካክሮ ከተበጠሰ ናይል ፐርች ነው፤ ጥርሱ እንደ ሞረድ ይፍቃል እንጂ አይቆርጥም፤ ለእሱ 1 ሜትር ተኩል ያህል 0.8 ወይም 0.9 ሚሊ ሜትር ወፍራም ናይለን ይበቃል። ናይል ፐርች ከሰው በላይ ሊመዝን ስለሚችል ሪሉ 6000፣ ዋናው ክር የተጎነጎነ 50 ፓውንድ፣ ርዝመቱም ቢያንስ 200 ሜትር ይሁን። የተጎነጎነውን ባዶ ማጠንጠኛ ላይ በቀጥታ አይጠቅልሉ፤ ይንሸራተታል፤ ሥሩ ላይ ጥቂት ናይለን ያስቀድሙ። አዞውን መቼም ለጫሞ ሰው አንነግርም፤ ከዳር ቆመው ዓሣ አይጠቡ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ዘንግና ሪል ሊሸጥልኝ የፈለገ ሰው አለ። ምኑን ልይ? (አንባቢ፣ ከለገሃር)

መልስ፦ ትንሽ ጥጥ ይዘው ይሂዱ። በእያንዳንዱ የክር ቀለበት ውስጥ ጥጡን ያሽከርክሩ፤ ጭረት ካለ ጥጡ ይነክሳል፤ የተሰነጠቀ ቀለበት ክርዎን በአንድ ቀን ይጨርሰዋል። ዘንጉ የሚጋጠምበት ቦታ ሲገባ ልል ብሎ ከተንቀሳቀሰ ይለፉት።

ሪሉን ሲያዞሩ ጥርሱ የአሸዋ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ተበልቷል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው የኩሽኔታ ብዛት አያታልልዎ፤ ባለ 4 ጥሩ ሪል ከባለ 12 ርካሽ ይበልጣል። ዋናው ፈተና ድራግ የሚባለው ፍሬን ነው። ክሩን በእጅ ሚዛን ሲስቡ በእኩል ይለቀቅ፤ እየተነጠቀ የሚለቅ ከሆነ ዓሣው ሲሮጥ ክር ይበጥሳል። የድራጉ ልክ የክሩ ጥንካሬ ሩብ ወይም ሢሶ ነው፦ 6 ኪሎ ለሚችል ክር ከ1.5 እስከ 2 ኪሎ። ቤት ሲገቡ ያላሉት፤ ጠብቆ የከረመ ድራግ ውስጡ ያሉት ቀለበቶች ይጣበቃሉ። በማጠንጠኛው ላይ የመጣውን አሮጌ ናይለን ግን ምንም ቢመስል ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ሁለት ቁራጭ ዘንጌ አውቶቡስ ላይ ተሰበረ። አዲሱን በምን ልያዝ? (አንባቢ፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ከቧንቧ ዕቃ መሸጫ 75 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ቱቦ 115 ሳንቲ ሜትር ያስቆርጡ፤ 2.1 ሜትር ዘንግ ለሁለት ሲከፈል ይገባበታል። አንዱን ጫፍ በክዳንና በማጣበቂያ ይድፈኑ፤ ሌላኛው ላይ የሚከፈት ክዳን ያድርጉ። ከታች ቁራጭ ስፖንጅ ያስገቡ፤ ሁለቱን ቁራጮች በጨርቅ ለያይተው ይሰሯቸው። ሪሉ ቱቦው ውስጥ አይገባም፤ በካልሲ ጠቅልለው በእጅ ቦርሳ ይያዙት።