በረዶ ላይ የሚቀላው ዊንተርቤሪ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ችግኝ መሸጫ ውስጥ ስለምሠራ፣ ስለ ዊንተርቤሪ ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ለማያውቁት፦ የምሥራቅ ሰሜን አሜሪካ አገር በቀል ቁጥቋጦ ነው። በመከር ቅጠሉን ሙልጭ አድርጎ ይጥልና ቀይ ፍሬውን ብቻ ተሸክሞ ክረምቱን ይቆማል። ግቢው ሁሉ ግራጫ በሆነበት ሰዓት ይህን ማየት በጣም ደስ ይላል።

ሜሪላንድ ነኝ። ከተከልኩት 4 ዓመት ሆነው፣ ያብባል ግን አንድ ፍሬ አላየሁበትም። ምን ጎደለው?

ጥንዱ ነው የጎደለው፣ እህቴ። ዊንተርቤሪ ወንዱና ሴቷ ለየብቻ ናቸው፤ ፍሬ የምትይዘው ሴቷ ብቻ ናት፣ እሷም ንቦች ከወንዱ አበባ ብናኝ ካላመጡላት አትይዝም። ያንቺው ራሱ ወንድ ሊሆንም ይችላል። ጁን አካባቢ ሲያብብ ጠጋ ብለሽ እዪው። አበባው ትንሽዬ ነጭ ነው። መሐሉ ላይ የክብሪት ራስ የምታህል አረንጓዴ ጉብታ ጎልታ ከታየችሽ ሴት ናት፣ በኋላ የምትቀላው ያቺው ጉብታ ናት። ቢጫ ብናኝ የያዙ ቀጫጭን ዘንጎች ብቻ ጎልተው ከታዩ ግን ወንድ ነው።

ታዲያ ያገኘሁትን ወንድ ልግዛ?

አይሆንም! ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ እኩል ማበብ አለባቸው። ቀድማ ለምታብበው ሴት ዝርያ «ሬድ ስፕራይት» ወንዱን «ጂም ዳንዲ»ን ውሰጂ፣ ዘግይታ ለምታብበው «ዊንተር ሬድ» ደግሞ «ሳውዘርን ጀንትልማን»ን። ስሙ ማሰሮው ላይ ከሌለ አትግዢ። አንድ ወንድ ለብዙ ሴቶች ይበቃል፣ 15 ሜትር ርቀት ውስጥ ይሁን እንጂ ጥግ ላይ ብትደብቂውም ችግር የለውም።

ሚኒሶታ ያለው ብርድ አይገድለውም?

ኧረ በፍጹም፣ እዚያም በዱር ይበቅላል። ረግረግም ይችላል። የሚጎዳው ድርቅ ነው፣ በተለይ በመጀመሪያው በጋ ውሃ እንዳይጎድልበት።

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ቀረ። ማዳበሪያ ልጨምር?

ወንድሜ፣ መጀመሪያ አፈሩን አስመርምር። ይሄ ተክል አሲዳማ አፈር ነው የሚወደው፤ ኖራ የበዛበት ሲሆን ብረት መሳብ ያቅተውና እንዲህ ይሆናል። ከቤቱ የሲሚንቶ መሠረት ሥር የተተከለ ብዙ ጊዜ ይሄ ይገጥመዋል። ደግሞ አደራ፣ ቡና ከተፈላ በኋላ የከሰሉን አመድ ሥሩ ላይ የምትደፉ ተዉ፣ አመድ እንደ ኖራ ነው የሚሠራው። የቡናው አተላ በትንሹ ቢበተን ግን አይጎዳም።

ፍሬው ይበላል? ትንንሽ ልጆች አሉኝ።

አይበላም። ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ልጅ ከዋጠ አሜሪካ ውስጥ ለመርዝ መረጃ ማዕከል በ1-800-222-1222 ደውሉ። አፉ ውስጥ ሁሉን የሚከት ሕፃን ካለ፣ ልጁ ከፍ እስኪል ባይተከል እመርጣለሁ።

እስከ እኛ ገና ድረስ ይቆያል?

እንደ ወፎቹ ነው። አንዳንዴ የወፍ መንጋ መጥቶ በአንድ ቀን ያራግፈዋል። «ዊንተር ሬድ» ፍሬዋን አጥብቃ ስለምትይዝ ጃንዋሪ 7 ላይ ቀልታ የመገኘት ዕድሏ ሰፊ ነው፣ ግን ቁመቷ ከ2 ሜትር ያልፋል። ቦታ ለጠበበው «ሬድ ስፕራይት» 1 ሜትር አካባቢ ላይ ትቆማለች።

ለአንድ ተክል ብቻ ነው ቦታ ያለኝ።

እንግዲያው ሬድ ትዊግ ዶግዉድ ትከል። እሱ ጥንድ አያስፈልገውም፣ የሚቀላው ራሱ እንጨቱ ነው። ደማቁ ቀለም ያለው ለጋው ላይ ስለሆነ በየዓመቱ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያረጁትን ግንዶች፣ ሲሶውን ያህል፣ ከሥር ቁረጥ።

ዊንተርቤሪ አዲስ አበባ ላሉት ቤተሰቦቼ ልላክ?

ቅጠሉን ጥሎ የሚያርፍበት ረጅም ብርድ ስለሚፈልግ እዚያ አይሆንለትም። ለእነሱ በገና ሰሞን አናቷ የሚቀላው ፖይንሴቲያ ትሻላለች፣ እዚያው ከችግኝ ሻጭ ይገዟታል።