በር እናስቀይር ወይስ ሰፈር እንልቀቅ? (ጥያቄና መልስ)

ከሁለት ሳምንት በፊት እኛ ሰፈር፣ ደብረ ማርቆስ፣ ሌሊት አንድ ቤት ተሰበረ። አባወራው ክንዱን በገጀራ ተመታ። ሰውየው ተርፏል። ሰፈሩ ግን እንቅልፍ አጣ። እኔ ለ19 ዓመት ፖሊስ ነበርኩ፣ ብዙውን ጊዜ በምርመራ ክፍል። አሁን በርና መስኮት እየበየድኩ እኖራለሁ። ስለዚህ ሰው ስለ ሌባም ስለ በርም እኔኑ ይጠይቀኛል። እሑድ ከእድር በኋላ የተጠየቅሁትንና ከሌላ ከተማ በስልክ የደረሰኝን ሰብስቤ እዚህ እመልሳለሁ።

ጋሼ፣ ባለቤቴ ነገውኑ በር እናስቀይር እያለች ነው። ከምን እንጀምር?

እኔ በር ሻጭ ነኝ፤ ግን ነገ አትምጡ። መጀመሪያ የተሰበረው ቤት እንዴት እንደተሰበረ እዩ።

እኔ ሄጄ አይቻለሁ። በሩ አዲስ ላሜራ ነው፣ መቀርቀሪያው ሦስት። ጭረት እንኳ የለበትም። በጓዳ በኩል ግን ግድግዳው ጭቃ ነው። ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ እግሩን አርሶታል። እዚያ ላይ ምርጊቱን ፈረፈሩት፣ ሁለት ማገር ቆረጡ፣ ገቡ። ቀዳዳው በግ የሚያሾልክ ያህል ነው። ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ነበር። የክረምት ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ደግሞ ጆሮ አጠገብ ቢያወሩ አይሰማም። ያንን ሌሊት የመረጡት አውቀው ነው።

ሦስት ነገር ጠይቁ። በየት ገቡ? ምን ፈልገው ገቡ? ቤት ውስጥ ያለውን ማን ነገራቸው? ለዚህ መልስ ሳይኖር የሚወጣ ብር ፍርሃትን ለማስታገስ ብቻ የሚወጣ ብር ነው። የተጎዳው ጎረቤታችን በገበያ ቀን በሬ ሸጦ፣ ጠላ ቤት ቁጭ ብሎ ዋጋውን ተናግሯል። ብሩ ከገበያ ቀጥታ ባንክ ወይም ቴሌብር ቢገባ፣ ዋጋውም ባይወራ፣ ያን ሌሊት የሚፈለግ ነገር አልነበረም።

ከቢቸና ነው የምደውለው። እኛ ጋ የሆነው ስርቆት አይደለም፣ የቆየ ቂም ነው። ሟቹ ዘመዳችን ባይሆንም ከገዳዩ ወገን ጋር አጥር እንጋራለን። ምን ይሻላል?

ወንድምዓለም፣ የአንተ ነገር ሌላ ነው። ሌባ ሲመቸው ይመጣል፣ ሲከብደው ይተዋል። ደም ፈላጊ በቁልፍ አይመለስም። ዓመት ይጠብቃል።

በስህተት እንዳትነኩ ከሁለቱም ወገን ጋር ንግግራችሁን አስተካክሉ። ለአንዱ ዕቃ አታስቀምጡ፣ ሌላውን አታሙ፣ ማን መቼ ገባ ወጣ ብላችሁ አታውሩ። ሽማግሌ ቶሎ ይግባ። ካህናቱ መስቀል ይዘው ሲመጡ እምቢ የሚል እልኸኛም ይለዝባል፤ ይህን ብዙ ጊዜ በዓይኔ አይቻለሁ። እርቅ የፍርድ ቤቱን ክስ አያስቀርም። ቀጣዩን ደም ግን ሊያስቀር ይችላል። እስከዚያ የሁለቱ ወገን ጎረምሶች በአንድ ጠባብ መንገድ ባይተላለፉ መልካም ነው። የአጥር ጉዳይ ካላችሁ አሁን አታንሱት።

በሩ ጠንካራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ሰው ሁሉ ላሜራውን ነው የሚያንኳኳው። በር የሚሸነፈው ግን በላሜራው አይደለም፣ በቴላዮው (በሩን ዙሪያውን በሚይዘው ማቀፊያ) ነው። ቴላዮው ግድግዳው ውስጥ በሁለት አጭር ምስማር ብቻ ከተያዘ፣ አንድ ትከሻ ከነ በሩ ይነቅለዋል። ዝጋና ገፋ ገፋ አድርገው። ቴላዮው ከግድግዳው ጋር ከተነቃነቀ ያንን አስጠግን። አዲስ በር ከማሠራት እጅግ ይረክሳል።

ከዚያ ማጠፊያውን እይ። ወደ ደጅ የሚከፈት በር ማጠፊያው ደጅ ላይ ነው፣ ፒኑ ከወጣ በሩ በዚያ በኩል ይነሳል። ፒኑን ከላይና ከታች በብየዳ ማስነካት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ጓጉንቸር ደግሞ በውጭ በኩል ሲንጠለጠል «ሰው የለም» ብሎ ለመንገደኛው ይናገራል። ብትችል ቁልፉ በሩ ውስጥ የተቀበረ ይሁን።

ጭቃ ቤት ከሆነ ግን ከሁሉ በፊት ውኃውን ከግድግዳው አርቅ። ቦይ ቆፍር። ግድግዳውን እስከ ጉልበት በድንጋይ ደግፈው። ይህን በነጻ የምነግርህ ከኪሴ እየቀነስኩ ነው።

ለመስኮቱ ሁሉ ግሪል አስገጥመን፣ ሌሊት ሁሉንም ዘግተን መተኛት ጀምረናል። አሁንስ በቂ ነው?

እታለም፣ እኔን የሚያስፈራኝ አሁን ሌባው አይደለም። እሳት ቢነሳ በየት ትወጣላችሁ? ከመኝታ ክፍሎቹ መስኮት ቢያንስ አንዱ ግሪሉ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። ቁልፉ ከመስኮቱ አጠገብ ምስማር ላይ ይሰቀል፤ ከውጭ እጅ የማይደርስበት፣ ልጅ ግን የሚደርስበት ቦታ። በጨለማ አንድ ጊዜ ሞክሩት።

ሁለተኛው ከሰል ነው። ብርድ አለ፣ ፍርሃት አለ፣ መስኮቱ ተዘግቷል፣ የበሩ ሥር በጨርቅ ተወትፏል፣ የቡናው ከሰል እዚያው ክፍል ውስጥ ነው። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ አይሸትም፣ አይታይም፣ እንደተኙ ይወስዳል። ሌባን ፈርቶ ቤተሰብን በከሰል መጨረስ እንዳይሆን። ከሰሉ ከመኝታ በፊት ደጅ ይውጣ።

ጋሼ፣ እኔ ወሬ አልወድም። መሣሪያ ልግዛ?

ይህን ከቡሬ የጠየቀኝ ወጣት ነው። ጎጃም ውስጥ ለዚህ ጥያቄ «አይ» ማለት ወንድነትን እንደ መንካት ነው፣ አውቃለሁ። የእኔም አያት ምንሽር ነበራቸው። ከልጅ ይልቅ እሱን ይወለውሉ ነበር።

ሕጉን ልንገርህ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዝን ይከለክላል። በድብቅ የተገዛ ክላሽ ቤትህ ውስጥ ካለ ወንጀለኛው አንተ ነህ፣ ሌባው ገና ሳይመጣ። አሁን አካባቢያችን ባለበት ሁኔታ ደግሞ ከየትም ይምጣ ከየት፣ መሣሪያ ያለው ቤት በብዙ ዓይን ይታያል።

መተኮሱንም አስብ። በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 78 ራስህን ወይም ሌላ ሰው ከጥቃት ብትከላከል አያስቀጣህም ይላል። ግን ጥቃቱ የደረሰ ወይም በቅርብ የሚደርስ መሆን አለበት። በሌላ መንገድ ልታስቀረው የማትችለው፣ ምላሽህም የጥቃቱን ያህል መሆን አለበት። ከዚያ ካለፍክ አንቀጽ 79 አለ። ቅጣቱ ይቀልልሃል፣ በድንጋጤ ከሆነም ፍርድ ቤቱ ሊተውህ ይችላል። መጀመሪያ ግን ታስረህ ነው። ዶሮ ይዞ የሚሮጥ ሌባን ከኋላው መምታት መከላከል አይባልም።

ከሕጉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በምርመራ ዘመኔ ከቤት መሣሪያ የተተኮሰ ጥይት ሌባ ሲመታ ያየሁት ጥቂት ነው። ወንድም፣ ሚስት፣ ከሰርግ የመጣ እንግዳ ሲመታ ግን ብዙ አይቻለሁ። ሌባውም መሣሪያ እንዳለህ ከሰማ የሚመጣው ለእሱ ነው፤ ከበሬ ይልቅ በቀላሉ ይሸጣል። ፈቃድ ያለው መሣሪያ ካለህ ግን ቆልፈህ፣ ጥይቱን ለይተህ፣ ልጆች ቦታውን ሳያውቁት አስቀምጥ። ከጠጣህ ቁልፉን ለእናትህ ስጥ።

ውሻስ?

ጥሩ ነው። የሚነክስ ሳይሆን የሚጮህ ይሁን። ቀን ቀን አስሮ ሌሊት መፍታት ነው። መጀመሪያ የሚያደርጉት ሥጋ መወርወር ስለሆነ በር ላይ ብቻ አይታሰር፣ በጓሮም ይድረስ። የእብድ ውሻ ክትባቱን አትርሱ።

የቤት ሠራተኛችንን ዘመዶቼ «አባርሪያት፣ መረጃ የምታወጣው እሷ ናት» ይሉኛል። ከመጣች ስድስት ወሯ ነው። ምን ላድርግ?

ማስረጃ አለሽ? ከሌለሽ አታድርጊው። ሌባ በገባ ቁጥር መጀመሪያ ሠራተኛዋ፣ ቀጥሎ ተከራዩ፣ ቀጥሎ «ከቆላ የመጣው ልጅ» ይጠረጠራል። እኔም ወጣት መርማሪ ሳለሁ በዚህ ተሳስቼ አንዲት ልጅ ሁለት ሌሊት አሳድሬያለሁ። ዕቃው የተገኘው የባለቤቱ የእህት ልጅ ጋ ነው። ልጅቷን ይቅርታ እንኳ አልጠየቅኋትም፤ አገሯ ገብታ ነበር።

መረጃ እንዲወጣ አብዛኛውን ጊዜ ክፋት አያስፈልገውም። ሱቅ ስትላክ «ጋሼ የሉም፣ አዲስ አበባ ናቸው» ትላለች፣ አለቀ። ስለዚህ አስተምሪያት። አባወራው የት ነው ሲባል «ተኝቷል» ትበል። ስልክሽን በቃሏ ትያዝ። ሌሊት አደጋ ቢመጣ እሷም የምትገባበት ክፍል ይኑር። ደጅ ባለው ማድ ቤት ብቻዋን የምትተኛ ልጅ ካለች መጀመሪያ የምትጠቃው እሷ ናት። ይህን የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ሰፈራችን ሮንድ እንጀምር ብሏል። ይጠቅማል?

ይጠቅማል፣ በደንብ ከተያዘ። መጀመሪያ ቀበሌውና ፖሊስ ማን በየትኛው ሌሊት እንደሚዞር በጽሑፍ ይወቁ። የሰዓት እላፊ ካለ ሮንድ የሚባል ነገር አይታሰብ። ሌሊት ዱላና ባትሪ የያዘ ጥላ ከሩቅ ማን እንደሆነ አይለይም። በሥራ ዘመኔ አንድ ተረኛ ጠባቂ በገዛ ጎረቤቱ ዱላ ጥርሱ ሲወልቅ መዝግቤያለሁ። ሁለቱም ሌባ ያሳደዱ መስሏቸው ነበር።

እኔ ከዚያ ይልቅ ፊሽካ እወዳለሁ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ፊሽካ፣ በእድሩ ገንዘብ። ሦስት አጭር ከተነፋ ሁሉም መብራቱን ያበራል፣ ከበሩ ሳይወጣ ይጮሃል፣ ቆርቆሮ ይደበድባል፣ ቀድሞ የተመረጡ ሁለት ሰዎች ብቻ ፖሊስ ይደውላሉ። የጣቢያው ቀጥታ ቁጥር በየቤቱ ግድግዳ ላይ በትልቁ ይጻፍ፣ ስልክ ውስጥ ብቻ አይሁን። ሌባ የሚፈራው ጀግና አይደለም፣ የነቃ ሰፈር ነው። የተያዘ ሰው ካለ አይደበደብም፣ ታስሮ ይጠበቃል። በግርግር የተገደለ ሰው ያልሰረቀ ሆኖ ሲገኝ ሰፈሩ ሁሉ ነው የሚታሰረው።

ቤት ውስጥ ከገቡስ? በዚያች ደቂቃ?

ዕቃ ይውሰዱ። ለቴሌቪዥን አትሟገት።

አንድ ክፍል ቀድማችሁ ምረጡ፣ ልጆች የሚተኙበትን ብታደርጉት ይሻላል። የእሱ በር ከውስጥ ወፍራም መወርወሪያ ይኑረው። ስልክ፣ ባትሪ፣ ፊሽካ እዚያ ይደሩ። ሁሉም እዚያ ይገባል፣ ይቆለፋል፣ ይነፋል። ፊት ለፊት ከተገናኛችሁ እጅ አሳዩ፣ ፊታቸው ላይ ባትሪ አታብሩ፤ ያወቅኸው ሰው መታወቁን ካወቀ ነገሩ ይከፋል።

ሲሄዱ ቤቱን አታጽዱ። ጎረቤት ለማጽናናት ብሎ ገብቶ፣ ደሙን አጥቦ፣ ቡና አፍልቶ እኛን ፖሊሶቹን ይጠብቀን ነበር። እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ግን አሻራውም የእግር ዱካውም ከውኃው ጋር ሄዷል። የቆሰለ ሰው ካለ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ወደ ሐኪም።

ቤቱን ሸጠን ባሕር ዳር እንግባ ወይ እያልን ነው።

የመጀመሪያውን ወር ምንም አትሽጡ። የፈራ ሻጭ መሆናችሁን ደላላ በሁለት ቀን ያውቃል። ባሕር ዳር ብትገቡም ማንም በማያውቃችሁ ጊቢ ተከራይ ነው የምትሆኑት፤ «ኡኡ» ስትሉ ማን ይወጣል? አንድ ወር ቆይታችሁም ልጆቹ ካልተኙ፣ ወይም ጠላታችሁ እናንተን በስም የሚፈልግ ከሆነ፣ ያኔ መሄድ ውርደት አይደለም። ሂዱ።

የሰባት ዓመት ልጄ ከዚያ ወዲህ ከአልጋችን አይወርድም።

ለጊዜው ይተኛ። «ወንድ ልጅ አይፈራም» አትበለው። ማታ ማታ አብሮህ በር ይቆልፍ፣ መቀርቀሪያውን እሱ ይወርውር። አንድ የሚያደርገው ነገር ያለው ልጅ ቶሎ ይረጋጋል። ፊት ለፊቱ የገጀራውን ወሬ አትድገሙ። ሳምንታት አልፈው አሁንም የሚቃዥ፣ አልጋ ላይ የሚሸና፣ ትምህርት ቤት እምቢ የሚል ከሆነ ጤና ጣቢያ ውሰደው።

የእርስዎስ በር ምን ዓይነት ነው?

ይህን የጠየቀችኝ የእድራችን ጸሐፊ ናት፣ እየሳቀች። የእኔ በር እንጨት ነው። ከአባቴ የወረስኩት ወፍራም የዋንዛ ሳንቃ፣ ቴላዮው ብቻ በብረት የታሰረ። ፖሊስ ሳለሁ አንድ ክረምት ቤቴ ተዘርፏል፤ ዩኒፎርሜን ሳይቀር ወስደውታል። የገቡት በጓዳ ግድግዳ ነበር። አሁን እዚያ ግድግዳ ሥር ባለቤቴ ባዶ ጀሪካኖች ደርድራለች። ማታ ድመት ስትነካቸው እንኳ ሁለታችንም ቁጭ እንላለን።