መልስ፦ በውኃ የተሞላ የመስታወት ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ለምን ይሰነጠቃል?

«ቁስ ሲቀዘቅዝ የሚኮማተር ከሆነ ጠርሙሱን የሚሰብረው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀዋል። ውኃም እስከ 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ እንደሌላው ይኮማተራል። ከዚያ በታች ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ይህ የውኃ ትልቁ ልዩ ባሕርይ ነው።

በፈሳሽነቱ ሞለኪውሎቹ እየተያያዙና እየተላቀቁ ተጠጋግተው ይንቀሳቀሳሉ። በረዶ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ሞለኪውል ከአራት ጎረቤቶቹ ጋር በሃይድሮጅን ትስስር ተይዞ ቦታው ላይ ይቆማል፤ መሃሉ ክፍት የሆነ ባለ ስድስት ጎን መዋቅር ይፈጠራል። ይዘቱን በ9 በመቶ ገደማ የሚጨምረው ያ ክፍተት ነው። 1 ሊትር ውኃ 1.09 ሊትር ያህል በረዶ ይወጣዋል። በረዶ የሚንሳፈፈውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ 1 ሚሊ ሊትሩ 0.917 ግራም ብቻ ይመዝናል። የበረዶ መሥሪያ ትሪ ላይ ልብ ብለው ይዩ፦ ዳርዳሩ ቀድሞ ስለሚረጋ መሃሉ ወደ ላይ ጉብ ይላል።

ክዳኑን ከፍቶ ማስቀመጥ ብቻውን አያድንም። አንገቱ ጠባብ ከሆነ እዚያ ያለው ውኃ ቀድሞ ይረጋና እንደ ቡሽ ይደፍነዋል፤ ከሥር ያለው ማምለጫ ሲያጣ መስታወቱን ይገፋል። ስለዚህ አፉ ሰፊ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ ዕቃ ይምረጡ፤ 1 ሊትር በሚይዘው ውስጥ ከ850 ሚሊ ሊትር አያስበልጡ። ባለ አንገት ጠርሙስ ከሆነ መጥበብ ከሚጀምርበት በታች ይቁም። ከወጣ በኋላም ሙቅ ውኃ አያፍስሱበት፤ ድንገተኛ የሙቀት ልዩነት ብቻውን መስታወት ይሰነጥቃል።